ውሉ ጥሩ ነበር፤ ታዲያ ሠራተኞቹ ለምን ተበደሉ?

እስቲ አንድ የሥራ ውል አብረን እናንብብ። የጉዞ ወጪውን ሠራተኛው አይከፍልም፣ ሲሄድም ሲመለስም። መኖሪያ በነፃ ይሰጠዋል። ደመወዙ በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ ከሚከፈለው አያንስም፤ ምንም ቢሆን ደግሞ ከተቀመጠው ወለል በታች አይወርድም። በውሉ ዘመን ካሉት የሥራ ቀናት ቢያንስ ሦስት አራተኛውን ሥራ እንደሚያገኝ ዋስትና አለው። በዘሩ ምክንያት አድልዎ አይደረግበትም። ውሉ በራሱ ቋንቋ ተጽፎ ይሰጠዋል። ከውሉ ጀርባ ደግሞ የሁለት መንግሥታት ስምምነት አለ።

ጥሩ ውል ነው፣ አይደል? ዛሬም ቢሆን እንዲህ ያለ ወረቀት ቢቀርብለት ሳያቅማማ የሚፈርም ብዙ ወጣት አለ። ውሉ ግን የቆየ ነው። በ1942 አሜሪካና ሜክሲኮ የተስማሙበት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልጠቀስኩ በስተቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ዓይነት ውል የሜክሲኮ ወንዶች ለ22 ዓመታት የአሜሪካን ጥጥ፣ ቲማቲምና ሰላጣ ሲለቅሙ ኖረዋል። በጠቅላላው ወደ 4.5 ሚሊዮን ውል ተፈርሟል። የሰዎቹ ቁጥር ከዚህ ያንሳል፤ ብዙዎቹ ደጋግመው ስለተመለሱ ነው። ፕሮግራሙ ዛሬ የሚታወሰው ግን በመልካም አይደለም። የእርሻ ሠራተኛ እንዴት እንደሚበዘበዝ ለማስተማር ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል።

ጥያቄው እንግዲህ ይሄ ነው። ወረቀቱ ላይ ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ በደሉ በየት በኩል ገባ?

ለዚህ ጥያቄ እስካሁን ካነበብኳቸው ሁሉ ጥሩ መልስ የሚሰጠው የኤርኔስቶ ጋላርዛ መጽሐፍ ነው። በእንግሊዝኛ የታተመው በ1964 ነው። ርዕሱን ወደ እኛ ስናመጣው «የጉልበት ነጋዴዎች» ልንለው እንችላለን። ከወጣ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ግማሹ አሁንም ትኩስ ነው፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ ከባድ ጥያቄ ተነሥቶበታል። ሁለቱንም እንያቸው።

ደራሲው ማን ነው?

ጋላርዛ በ1905 በሜክሲኮ ናያሪት ግዛት፣ ሃልኮኮታን በምትባል የተራራ መንደር ተወለደ። አብዮቱ ሲነሣ ቤተሰቡ ተሰደደና በካሊፎርኒያዋ ሳክራሜንቶ ከተማ አደገ። በልጅነቱ እርሻ ላይ ሠርቷል። ከዚያ ትምህርቱን ቀጠለና ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ዲግሪ ያለው የሜክሲኮ ልጅ በጣት የሚቆጠር ነው። እሱ ግን ቢሮ አልተቀመጠም። የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር አደራጅ ሆኖ ወደ ማሳው ተመለሰ።

ይህ ለመጽሐፉ ጥንካሬም ድክመትም ሆኖታል። የምሁር ጥርጣሬና የአደራጅ ንዴት በአንድ ገጽ ላይ ተቀምጠው ታገኛላችሁ። ጋላርዛ የመንግሥት ሰነድ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤና የደመወዝ ሠንጠረዥ ለቅሞ ለቅሞ ነው የሚከራከረው። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ምዕራፍ ያደክማል። ግን ዝም ብሎ አይጮህም።

«ብራሴሮ» የሚለው የፕሮግራሙ ስም የመጣው ክንድ ከሚለው የስፓኒሽ ቃል ነው። እኛ «የጉልበት ሠራተኛ» እንላለን፤ እነሱ «የክንድ ሠራተኛ» እንደ ማለት ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ሰውየውን ትተው አንዱን አካሉን መርጠው ይጠሩታል። ጋላርዛ በመጽሐፉ የሚያሳየን አንድ መንግሥት ክንዱን ብቻ አስመጥቶ ሰውየውን ከድንበር ወዲያ ለማስቀረት ሲሞክር ምን እንደሚፈጠር ነው።

በር ላይ የተነሣ ፎቶ

ስምምነቱ የተፈረመው ነሐሴ 4 ቀን 1942 ነው። ዓለም ጦርነት ላይ ነበረች። የአሜሪካ ወጣት ወደ ጦር ሜዳና ወደ ፋብሪካ ሲሄድ ማሳው ባዶ ቀረ ተባለ። ስለዚህ ነገሩ ለጊዜው ነው ተብሎ ተጀመረ። ጦርነቱ በ1945 አበቃ፤ ፕሮግራሙ ግን ቀጠለ። በ1951፣ የኮሪያ ጦርነት ሲመጣ፣ ራሱን የቻለ ሕግ ወጣለት። በ1956 ብቻ ወደ 445,000 ውል ተፈረመ። ጊዜያዊ የተባለው ነገር ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እንደገና ወደ ሃያ ዓመት ኖረ ማለት ነው። እንግዲህ «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል የሚሠራው ለሠራተኛው እንጂ ለሥራው አይደለም። ሥራው በየዓመቱ ይኖራል፤ የሚለዋወጠው ሰውየው ነው።

ወደ አሜሪካ ለመግባት የሚያበቃው መንገድ ረጅም ነበር። ሠራተኛው ከመንደሩ ተነሥቶ መመልመያ ጣቢያ ወዳለበት ከተማ ይሄዳል፣ ለምሳሌ ወደ ሞንቴሬይ ወይም ወደ ኤምፓልሜ። ስሙ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ጉቦ ይከፍላል፤ ለዚያም ብዙ ጊዜ ይበደራል። መልማዩ መዳፉን ይዞ ይመለከታል። መዳፉ ካልሻከረ ገበሬ አይደለም ተብሎ ይመለሳል። ከዚያ ድንበር ይሻገርና የጤና ምርመራ ይጠብቀዋል።

በ1956 ሊዮናርድ ናደል የተባለ ፎቶ አንሺ ቴክሳስ ውስጥ በምትገኘው ሂዳልጎ ከተማ ይህን ምርመራ አንሥቶታል። ፎቶው ላይ ጭምብል ያጠለቀ ሠራተኛ አንድ ራቁቱን የቆመ ሰው ፊት ላይ ዲዲቲ ይነፋል። ከኋላ ሌሎች ወረፋ ይጠብቃሉ። ዛሬ ስለ ፕሮግራሙ የሚጽፍ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያወጣው ይህን ምስል ነው። ፎቶዎቹ የሚገኙት በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ማስታወሻ ያስፈልጋል። ዲዲቲ ያኔ እንደ ተአምር ይታይ ነበር። ነፍሳትን እንደሚገድል ያገኘው የስዊስ ኬሚስት ፓውል ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። አሜሪካ በእርሻ ላይ እንዳይውል የከለከለችው በ1972 ነው። ስለዚህ ናደል ካሜራውን ያነሣው ኬሚካሉን ለማጋለጥ ነው ብሎ ማንበብ የዛሬን እውቀት ወደ ኋላ መውሰድ ይሆናል። ያኔም የሚያሳፍረው ሌላ ነገር ነበር፦ ማንም ፈቃዱን ሳይጠይቀው አንድ አዋቂ ሰው እንደ ከብት መታጠቡ።

እኔ ግን ፎቶው ዝናውን ያገኘው ጉዳዩን በማቅለሉ ጭምር ነው ባይ ነኝ። ስናየው የምንቆጣው ጭምብል ባጠለቀው ሰውዬ ላይ ነው። ሰውዬው ደግ ቢሆን፣ መርጫውን ትቶ ሳሙናና ሙቅ ውሃ ቢያቀርብ፣ ነገሩ የሚስተካከል ይመስለናል። የጋላርዛ መጽሐፍ የሚበልጠው እዚህ ነው። ክፉ ሰው አይፈልግም። ሁሉም ሰው ሥራውን በአግባቡ ቢሠራ እንኳ ሠራተኛው የሚጎዳበትን አሠራር ቁጭ አድርጎ ያሳያል።

ዋጋውን ማን ቆረጠው?

ውሉ ደመወዙ «በአካባቢው ከሚከፈለው አያንስም» ይላል ብለናል። መልካም። በአካባቢው የሚከፈለውን ማን ይወስናል?

ጋላርዛ የካሊፎርኒያን አሠራር ሲገልጽ እንዲህ ነው። አዝመራው ከመድረሱ በፊት የእርሻ ባለቤቶች ማኅበር ይሰበሰባል። ዘንድሮ ለቀማውን በዚህ ዋጋ እናሠራለን ብሎ ይወስናል። ዋጋው ዝቅተኛ ነው። የአገሩ ሠራተኛ በዚህ ዋጋ አልሠራም ብሎ ይቀራል። ያን ጊዜ ማኅበሩ «ሠራተኛ ጠፋ» ብሎ ለመንግሥት ያመለክታል። የመንግሥት ባለሙያ የአካባቢውን ዋጋ ሊያጣራ ይመጣል። ምን ያገኛል? ያንኑ ማኅበሩ የወሰነውን ዋጋ! በቃ፣ ብራሴሮው በዚያ ዋጋ ይመጣል። ሕግ አልተጣሰም። ወረቀቱ ሁሉ በትክክል ተሞልቷል።

ይህን አንብቤ ስጨርስ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። የውሉ ዋና መከላከያ የተባለው አንቀጽ ራሱ የተሠራው ከአሠሪው ቃል ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያሳይ መጽሐፍ አያረጅም።

ከደመወዙ ላይ ተቀናሽም አለ። በ1950ዎቹ ለምግብ በቀን እስከ 1.75 ዶላር ይቆረጥ ነበር። በሰዓት 50 ሳንቲም የሚያገኝ ሰው ከሆነ ይህ የሦስት ሰዓት ተኩል ሥራ ነው። ማለዳ ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ እስከ ረፋድ የሚሠራው ለሚበላው ብቻ ነው ማለት ነው። ጎንበስ ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ሰላጣና ሌላ አትክልት የሚኮተኮተው እጀታው ባጠረ መኮትኮቻ ነበር። ሠራተኛው ቀና ካለ ሥራ መፍታቱ ከሩቅ ይታያል። ያ መኮትኮቻ የስንቱን ወገብ ከሰበረ በኋላ ካሊፎርኒያ ያገደችው በ1975 ነው።

ወተትና ጉልበት

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ከውሉ ውስጥ የጎደለ አንድ መብት አለ፤ ሠራተኛው አሠሪውን ትቶ ሌላ ጋ የመቀጠር መብት። ብራሴሮው አሜሪካ የሚቆየው ውሉ ላይ ለተጻፈው አሠሪ ወይም ማኅበር እስከሠራ ድረስ ነው። ጎረቤት ያለው እርሻ በሰዓት አሥር ሳንቲም ጨምሮ ቢከፍል እንኳ አጥር ተሻግሮ መሄድ አይችልም። ከሄደ ሕገ ወጥ ይሆናል።

ይህ ለምን ያን ያህል ከባድ ሆነ? የኢኮኖሚክስ ሰዎች «ሞኖፕሶኒ» የሚሉት ነገር አለ። ሞኖፖሊ አንድ ሻጭ ብቻ ሲኖር ነው፤ ሞኖፕሶኒ ደግሞ አንድ ገዥ ብቻ ሲኖር። ሐሳቡን በደንብ ያስረዳችው እንግሊዛዊቷ የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆአን ሮቢንሰን ናት፣ በ1933 ባወጣችው መጽሐፍ። አንድ መንደር ውስጥ ወተት የሚሸጡ ሃያ ቤተሰቦች አሉ እንበል። ወተት ካደረ ይበላሻል። ወተት የሚሰበስበው መኪና አንድ ብቻ ከሆነ ዋጋውን የሚቆርጠው ሾፌሩ ነው። ሁለተኛ መኪና መምጣት የጀመረ ዕለት ግን ያው ሾፌር በአንድ ጊዜ ትሑት ይሆናል። ማንም አልመከረውም፤ ሕግም አልወጣበትም። ሻጮቹ ሌላ አማራጭ ስላገኙ ብቻ ነው።

ጉልበት ከወተትም ይብሳል። ወተት ቢያንስ እርጎ ይሆናል፤ ያልተሠራበት የዛሬ ቀን ግን ለነገ አይቀመጥም። ብራሴሮው ደግሞ አንድ ገዥ ያለው ሻጭ ብቻ አይደለም። ዕዳ ያለበት ሻጭ ነው። ለጉቦው የተበደረውን ሳይመልስ ወደ መንደሩ መግባት አይፈልግም። ቅሬታ ያቀረበ ሠራተኛ ውሉ ሊቋረጥና ወደ አገሩ ሊሸኝ ይችላል፤ ለሚቀጥለው ዓመትም ላይጠራ ይችላል። እንግዲህ ውሉ በነፃ የሰጠው ቅሬታ የማቅረብ መብት ዋጋው ስንት እንደሆነ አስሉት። በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ሠራተኛ የተመደቡት ተቆጣጣሪዎች ደግሞ እጅግ ጥቂት ነበሩ።

ጋላርዛ ሞኖፕሶኒ የሚለውን ቃል ዋና መሣሪያው አድርጎ አይጽፍም፤ የሚገልጸው ግን ቁልጭ ያለ ሞኖፕሶኒ ነው። ከዚህ መጽሐፍ በፊት፣ በ1956፣ ካምፖቹን እየዞረ ሠራተኞቹን አነጋግሮ አንድ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። የእርሻ ማኅበራትና የመንግሥት ባለሥልጣናት ክፉኛ አጣጣሉት። የሠራተኞቹን ቃል ውሸት ነው ማለት ቀላል ነው፤ ምስክሩ ስሙ እንዲጠቀስ አይፈልግማ። ለዚህ ይመስለኛል በ1964ቱ መጽሐፍ ጋላርዛ የሠራተኛውን ድምፅ ቀንሶ የባለሥልጣኑን ሰነድ ያበዛው። ብልኅ ውሳኔ ነው። ግን ዋጋ አስከፍሎታል።

መጽሐፉ የማያየው

ዋጋው ይሄ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ብራሴሮዎቹ ራሳቸው ብዙም አይታዩም። ቁጥር ናቸው፣ ኮታ ናቸው፣ ተጎጂ ናቸው። አንባቢ ግን አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይገባል። ነገሩ እንዲህ ክፉ ከሆነ ሰዎቹ ለምን ደጋግመው ተመለሱ? ጋላርዛ ችግራቸውን ይጠቅሳል፤ ግን ሰዎቹ በገዛ እጃቸው የሚያስቡ፣ የሚያሰሉ፣ የሚደራደሩ ሆነው አይወጡም። ከሞቱት ይልቅ ላሉት ቅርብ የሆነ ሌላ ምንጭ አለ። ከ2000ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች የቀድሞ ብራሴሮዎችን በመቶዎች እያነጋገሩ ቃላቸውን በድምፅ ቀርጸዋል፤ «የብራሴሮ ታሪክ ማኅደር» በሚል ስም በኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። እዚያ የሚናገሩት ሽማግሌዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ስለ ውርደቱ ያለቅሳል። ሌላው በዚያ ገንዘብ ቤት ሠራሁ፣ ልጅ አስተማርኩ ብሎ ይኮራል። አንዳንዱ ሁለቱንም ነው። ሚስቶቹና እናቶቹ ደግሞ በጋላርዛ መጽሐፍ ውስጥ ከሞላ ጎደል የሉም፤ ማሳውን ያረሱት፣ ዕዳውን የተሸከሙት እነሱ ሆነው ሳለ።

ተበዘበዙ ማለትና ተጠቀሙ ማለት የሚጋጩ አይደሉም። ሰው በሁለት መጥፎ አማራጮች መካከል የተሻለውን መርጦ ትንሽ ሊያተርፍ ይችላል። ያም ሆኖ ለሠራው ሥራ የሚገባውን ሊነፈግ ይችላል። ጋላርዛ ይህን ለመቀበል የፈራ ይመስላል። ምናልባት «አየህ፣ ራሳቸው ደስ ብሏቸዋል» የሚሉ የእርሻ ባለቤቶችን ስለሚያውቅ ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነው፤ እሱን ሳይንሱ ነው ያመጣው። ጋላርዛና በዘመኑ የነበሩ የፕሮግራሙ ተቃዋሚዎች አንድ እምነት ነበራቸው፦ ብራሴሮ የአገሩን ሠራተኛ ደመወዝ አውርዶታል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲቆም ደመወዙ ይጨምራል። ፕሮግራሙ በታኅሣሥ 1964 መጨረሻ ቆመ። ጨመረ ወይ?

በ2018 ማይክል ክሌመንስ፣ ኢታን ሉዊስና ሐና ፖስተል የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በቁጥር ፈትሸው «አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው» በተባለው መጽሔት ላይ አወጡ። ዘዴያቸው ቆንጆ ነው። አንዳንድ ግዛቶች ብዙ ብራሴሮ ነበራቸው፤ አንዳንዶቹ ጥቂት፤ ሌሎቹ ምንም። ብራሴሮ መምጣቱ ደመወዝ ካወረደ፣ ሲቀር ብዙ በነበረበት ግዛት ደመወዙ ከሌላው ፈጥኖ መጨመር አለበት። ያገኙት ግን ልዩነት የለም የሚል ነው። በሁለቱም ዓይነት ግዛቶች ደመወዙ ተቀራራቢ በሆነ ፍጥነት ሄደ።

ለምን? የእርሻ ባለቤቶቹ ደመወዝ ጨምረው የአገሩን ሰው ከመቅጠር ይልቅ ማሽን ገዙ፤ ማሽን በሌለው ሰብል ደግሞ ምርታቸውን ቀነሱ። ምሳሌው የካሊፎርኒያ የፋብሪካ ቲማቲም ነው። በዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ጃክ ሃና የተባለው የዘር አዳቃይ ቆዳው የጠነከረና በአንድ ጊዜ የሚበስል ቲማቲም አወጣ፤ ኮቢ ሎሬንዘን የተባለው መሐንዲስ ደግሞ መልቀሚያውን ሠራ። ማሽኑ ፕሮግራሙ ከመቆሙ በፊት ነበረ፤ የሚገዛው ግን ጥቂት ነበር። ብራሴሮ በቀረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቲማቲም በማሽን ተለቀመ። አስፓራገስና እንጆሪን የመሳሰሉት ግን በእጅ ካልሆነ ስለማይለቀሙ ምርታቸው ቀነሰ።

ይህ ጥናት ለጋላርዛ ከባድ ምት ነው፤ መሸፋፈን አይገባም። ነገር ግን ጥናቱን ይዘው «እንግዲያው ፕሮግራሙ ማንንም አልጎዳም» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ደግሞ ከጥናቱ በላይ ይሮጣሉ። ጥናቱ የለካው በግዛት ደረጃ የአገሩ ሠራተኛ የሚያገኘውን ደመወዝና ቅጥር ነው። ብራሴሮው ራሱ አሠሪ መቀየር ቢችል ኖሮ ስንት ያገኝ ነበር የሚለውን አልለካም። የጋላርዛም ትልቁ ግኝት እሱ ነው። ደመወዝን የሚወስነው የሠራተኛ ብዛት ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ታሪኩ ራሱ ያሳያል። ፕሮግራሙ በቆመ በዘጠነኛው ወር፣ መስከረም 1965፣ በዴላኖ የሚገኙ የፊሊፒንስ ተወላጅ የወይን ለቃሚዎች በላሪ ኢትሊዮንግ መሪነት አድማ መቱ፤ የሴዛር ቻቬዝ ማኅበር ተቀላቀላቸው። በ1970 አሠሪዎቹ ተገደው ውል ፈረሙ። ቁጥራቸው አልቀነሰም፤ አንድ ላይ ቆመው እምቢ ማለት ግን ቻሉ።

የጠፋው አሥር በመቶ

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ከ1942 እስከ 1949 ከእያንዳንዱ ብራሴሮ ደመወዝ 10 በመቶ ይቆረጥ ነበር። ቁጠባ ነው ተባለ። ገንዘቡ በአሜሪካ ባንክ አልፎ ወደ ሜክሲኮ ባንኮች ይላካል፤ ሠራተኛው አገሩ ሲገባ ይወስደዋል። ሐሳቡ ሠራተኛው ለመመለስ ምክንያት እንዲኖረው ነው። ብዙዎቹ ሲመለሱ ግን ገንዘቡን አላገኙም። አንዳንዱ እንደሚቆረጥበት እንኳ አያውቅም ነበር። በ2001 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ክስ ተመሠረተ። የሜክሲኮ መንግሥት በኋላ ለእያንዳንዱ ማስረጃ ላቀረበ ሰው 38,000 ፔሶ ለመክፈል ተስማማ፤ ያኔ ወደ 3,500 ዶላር ገደማ ነው። ማስረጃ! የ60 ዓመት የደመወዝ ወረቀት ያስቀመጠ ገበሬ ስንት ይሆናል?

ወደ እኛ ስንመጣ

አማርኛ አንባቢ ይህን ሲያነብ አረብ አገር ትዝ እንደሚለው አውቃለሁ። ማወዳደሩ ተገቢ ነው፤ ግን ልዩነቱን ሳንዘነጋ። ብራሴሮ ወንድ ነበር፣ በካምፕ ከጓደኞቹ ጋር ይኖር ነበር፣ የአገሩ ቆንስል ቢያንስ በወረቀት ነበረለት። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትሄደው እህታችን ብዙውን ጊዜ የቤት ሠራተኛ ናት። ብቻዋን በሰው ቤት ናት፤ የብዙዎቹ አገሮች አጠቃላይ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግም አይሸፍናትም። የሚያመሳስላቸው ዋናው ነገር ግን ቁልፉ ላይ ነው። «ካፋላ» በሚባለው አሠራር የመኖሪያ ፈቃዷ የተያዘው በአሠሪዋ ስም ነው። ጥላ ከወጣች «የጠፋች» ትባላለች።

የእኛ መንግሥት ምላሽ ምን ነበር? በጥቅምት 2013 ጉዞውን አገደ፤ በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ መለሰች። እገዳው እስከ 2018 ቆየ። በመሐሉ በእኛ አቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጣ፤ ከተቀባዩ አገር ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት እንዲኖር፣ የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪውን አሠሪው እንዲሸፍን፣ ሠራተኛዋ ከ18 ዓመት በላይ እንድትሆን ይጠይቃል። ጥሩ ጥሩ አንቀጾች ናቸው። የ1942ቱን ውል ላነበበ ሰው ግን የሚያውቃቸው ይመስላሉ። አሠሪ የመቀየርን ነገር በአዲስ አበባ በሚወጣ ሕግ መወሰን አይቻልም፤ ቁልፉ በተቀባዩ አገር እጅ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው የመደራደሪያ ነጥብ እሱ ነበር፣ አሁንም ነው። ኳታር በ2020 ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየርን ስትፈቅድ የቤት ሠራተኞችንም ጨምራ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2021 ያመጣችው ማሻሻያ ግን የቤት ሠራተኞችን ትቷል። የደመወዝ ወለልን፣ የስልጠና ወረቀትንና የመድን ዋስትናን በመዘርዘር ገጾች የሚሞሉ ስምምነቶችን ስናነብ መጀመሪያ ይህንን አንቀጽ ብንፈልግ ጊዜ እንቆጥባለን። አሜሪካ ራሷ እንኳ ዛሬ ድረስ በምትጠቀምበት «ኤች ቱ ኤ» በተባለው የእርሻ ሠራተኞች ቪዛ ይህን አልፈታችም፤ ቪዛው አሁንም የሚሰጠው ለአንድ አሠሪ ነው።

ምን ላንብብ ለምትሉ፣ ከ«የጉልበት ነጋዴዎች» በፊት የጋላርዛን አነስ ያለ መጽሐፍ ብትጀምሩ ይሻላል። በ1977 የወጣ ሲሆን ስለ ቹዋላር አደጋ ነው። መስከረም 17 ቀን 1963 በካሊፎርኒያ ሳሊናስ ሸለቆ፣ ብራሴሮዎችን ከሥራ የሚመልስ መኪና የባቡር ሐዲድ ሲያቋርጥ የጭነት ባቡር መታው። መኪናው አውቶቡስ አልነበረም፤ ረጃጅም አግዳሚ ወንበር የተገጠመለትና ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ነበር። 32 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ እንዲመረምር የላከው ጋላርዛን ነው፤ በትልቁ መጽሐፉ ያጣኋቸውን ሰዎች ያገኘኋቸውም እዚህ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ምክር ቤቱ ፕሮግራሙን ለመጨረሻ ጊዜ በአንድ ዓመት አራዘመው። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ በቹዋላር በኩል የሚያልፈው የ101 አውራ ጎዳና ክፍል «የብራሴሮ መታሰቢያ አውራ ጎዳና» ተብሎ ተሰየመ።